በነጭ ጋዝ ያጠብነው ቁጥር

— ሄሎ… ሄሎ፣ አቤት… ናጅዋ? አንቺ ነሽ? ምን ሆንሽ? … ምንም ካልሆንሽ እንዲህ በጠዋቱ ምን አስደወለሽ? … ወዓለይኩሙ ሰላም። ወዓለይኩሙ ሰላም ልጄ። … ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። አንቺስ? አሞሽ ነው? … መኪና ነው? ትናንት ወልድያ መናኸሪያው በር ላይ ሚኒባስ ተጋጨ ሲሉ ሰምቻለሁ። … አልነበርሽበትም። እሺ። … ድምፅሽ ግን የደህና ሰው ድምፅ አይደለም። እናትሽ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

— ማን ነው የሚያወራው? የሻረግ ናት። … አዎ፣ ጎረቤታችን የሻረግ፣ ሱቋን ዘግታ እኔ ጋ ቁጭ ብላለች። … ለምን ዘጋች? እንዲሁ ዘጋች። ሰው ሱቁን እንዲሁ አይዘጋም? … የሻረግ፣ ሰላም ብላሻለች።

— ወንዙ ዳር? … አዎ፣ መጥተው ነበር። ማክሰኞ። አራት ናቸው፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ሻይ እንኳ አልጠጣ ብለው ሄዱ። … ቀለም ይዘው ነበር፣ አዎ። … ቁጥር? … የምን ቁጥር? … እኔ ምኑን አውቄ፣ ከቤት መች ወጣሁ።

— ቆይ ግን፣ አንቺ ወልድያ ቢሮ ተቀምጠሽ የመርሳ ዛፍ ላይ ያለ ቁጥር ምን አገባሽ? … የአንቺ ሥራ ነው? … ዝርዝሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ? ዛፎቹን አንቺ ነሽ የመዘገብሻቸው? … ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? «ቢሮ ውስጥ እጽፋለሁ» አልሽኝ እንጂ ምን እንደምትጽፊ መቼ ነገርሽኝ? … ጠይቀሽኝ አታውቂም ነው የምትይኝ? … ጠይቄሻለሁ። ምሳ በልተሻል ወይ ብዬ በየቀኑ ጠይቄሻለሁ።

— እሺ፣ አትቆጪ። … ማን ደወለልሽ? … የወንዝ ዳር ኮሪደሩ ማሽን ፎርማን። … «መርሳ ላይ አንድም ቁጥር ያለው ዛፍ አላገኘሁም» አለ። … ቁጥር የሌለው ምን ይሆናል? … ድገሚልኝ። … ድገሚልኝ ናጅዋ፣ ቀስ ብለሽ። … ቁጥር ያለው ነው የሚቀረው? የሌለው ነው የሚቆረጠው? … እርግጠኛ ነሽ? ወረቀቱን እስኪ እይው፣ ገልብጠሽ አንብበሽው እንዳይሆን። … አንቺው ነሽ የጻፍሽው። እሺ።

— የሻረግ። … የሻረግ፣ ነይ ወዲህ። ቁጥር ያለው ነው አሉ የሚቀረው። … ሳቂ አንቺ። ሳቂ።

— አለሁ፣ አለሁ። ተቀምጬ ነው። … ስሚኝ ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። አጠገብሽ ሰው አለ? ስልኩ ላውድ ላይ ነው? … በይ ደጅ ውጪ። … ወጣሽ? … በሩን ዘጋሽው? … ቁጥሩን ያጠፋነው እኛ ነን።

— እኛ ማለት እኔ፣ የሻረግና የታችኛው ሰፈር ሴቶች በሙሉ። ትናንት፣ ወንዶቹ ወደ ግራና ገበያ ሲሄዱ ጠብቀን። … እንዴት ማለት ምን ማለት ነው? በእጃችን ነዋ። …

— ቀይ ነው እኮ የቀቡት፣ ናጅዬ። ቀይ። መንገዱ የሰፋ ጊዜ የአክስትሽ ግድግዳ ላይ ቀይ ቁጥር ተጻፈ፣ በሳምንቱ ግድግዳው የለም። የየሻረግ የድሮ ሱቅ ላይ ተጻፈ፣ ሱቁ የለም። ታዲያ ዛፍ ላይ ቀይ ሳይ ምን ልበል? ዛፉ ተሸለመ ልበል? … ከዛፉ ቀጥሎ ቤቱ ነው ብዬ ልብስሽን ሳይቀር በማዳበሪያ አስሬዋለሁ። … የራሴንማ አስቀድሜ ነው ያሰርኩት።

— ነጭ ነበር የታዘዘው? … ነጭ ቀለም አልቆ ቀይ ገዙ? … እና ከአራቱ አንዱ እንኳ «ይሄ ሰው ያስደነግጣል» አላለም? ያን ሁሉ ትምህርት ተምራችሁ?

— አሥራ አንድ ናቸው። … አዎ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ እያጠፋን ነው የቆጠርኩት። አሥሩን በገጀራ ፋቅናቸው። ዋንዛዎቹን፣ ብሳናውን፣ ግራሮቹን። … ልጡን፣ አዎ። … ይሞታሉ? ናጅዋ፣ ንገሪኝ፣ ይሞታሉ? … ላይ ላዩን ነው የፋቅነው፣ እንደ እጄ መዳፍ ቢሆን ነው። … ዙሪያውን ካልተላጠ አይሞትም። እሺ። እፎይ። … የሻረግ፣ አይሞቱም ብላለች።

— ሾላዋን ግን አልፋቅኋትም። … የኛዋን፣ ከጓሯችን በታች ያለችውን። ልጧን ገና ስትነኪያት ያ ነጭ ወተቷ ይወርዳል፣ እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ በነጭ ጋዝና በሳሙና አጠብኳት። በጨርቅ፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ሕፃን ገላ። … ምንም አልቀረም። ጥርት አድርጌ ነው ያጠብኳት። … ናጅዋ? … ሄሎ፣ ምን አልሽ? … ፎርማኑ በምን ያውቃል ነው የምትይኝ?

— አዎ። … ገባኝ። አሥሩ የተፋቀ ቦታ አላቸው፣ ፎርማኑ አይቶ ሊያምን ይችላል። የኔዋ ምንም የላትም። … አጥብቄ የወደድኳትን ነው ለመጥረቢያ ያቀረብኳት በይኛ። … አላልሽም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

— ቆይ በአጥሩ በኩል ልይ። … ማሽኑ ታች ድልድዩ ጋ ነው፣ ባህር ዛፍ እየነቀለ ነው። … አሁን ቆመ። ሰዎቹ ቁጭ አሉ፣ ዳቦ አወጡ። … ሲበሉ ይዘገያሉ፣ ጊዜ አለ። … እሄዳለሁ ብያለሁ። ግን ፎርማኑ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? መጀመሪያ እኔ ይግባኝ። ለምንድነው ባህር ዛፍ ተነቅሎ ሾላ የሚቀረው? ባህር ዛፍ ቤት ይሠራል። ሾላ ምን ትሠራለች? … ማንን ትይዛለች? … የወንዙን ዳርቻ። እሱንማ ማን ያስተምረኛል፣ አምና ጎርፉ ከኛ ቀጥሎ ያለውን የነኡበይደላን የማንጎ መሬት ቆርሶ ሲወስድ የኛን ያልነካው የሷ ሥር ይዞት ነው። … ይሄ የቢሮሽ መመሪያ ላይ አለ? … ምን ብለው ነው የጻፉት? … አረንጓዴ መሠረተ ልማት። … እኛን ያስተማሩን መሠረተ ልማት ማለት መንገድ፣ ውሃና መብራት ነው ብለው ነበር። አሁን ሾላ ከመብራት ጋር ተቆጠረች? … መብራቱስ ይጠፋል፣ እሷ ጠፍታ አታውቅም።

— ኮሪደሩስ? እኔ የሰው መንሸራሸሪያ መስሎኝ ነበር፣ አግዳሚ ወንበርና የአበባ ማስቀመጫ። … እሱም አለበት። ግን ከተራራው እስከ ወንዙ፣ ዛፍ ከዛፍ ሳይራራቅ… ለወፉም ለጦጣውም መተላለፊያ። እሺ። … ለጦጣውም? ጦጣው ፓፓዬዬን እንዲጨርስ ነው? … እሺ፣ ቀጥዪ። … መሐል ላይ አንዷ ብትቆረጥ? … ገባኝ። እኛ ጋ ድልድዩ ሲሰበር ሰው ሁሉ በወልድያ ዞሮ እንደሚሄደው። ወፍ ግን ዞሮ ላይመጣ ይችላል።

— ብዝሀ ሕይወት፣ አውቀዋለሁ፣ አሥረኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። አስተማሪያችን ዋልያና ቀይ ቀበሮ ነበር ሰሌዳው ላይ የሚስሉልን። እንዴት ያለ ቀበሮ እንደሚስሉ ብታይ። ጓሯችን ስላለ ነገር አንድ ቀን አላነሱም። … እና እዚህ የሾላ ጉዳይ ላይ ምን አለ? … ትንኟ? … አዎ፣ አውቃታለሁ፣ ፍሬውን ስትከፍቺው ብር ብላ የምትወጣዋ። እኛ «ተበላሽቷል» ብለን የምንጥለው። … ምን? … እሷ ናት አበባውን ዘር የምታስይዘው? … ንብ አትችልም? … ዝንብስ? … እሷ ብቻ። ለሾላ ብቻ የተፈጠረች ትንኝ። … አጃኢብ።

— እንዴት ትገባለች? ፍሬው ድፍን ነው እኮ። … ጫፉ ላይ ባለችው ቀዳዳ? እሷማ መርፌ አታስገባም። … ክንፏ እየተቆረጠ? … ከዛስ በምን ትወጣለች? … አትወጣም። … እንቁላሏን ጥላ እዛው ትሞታለች። … እናትየዋ። … የለም፣ ምንም አልሆንኩም። ቀጥዪ። ልጆቿስ? … ወንዶቹ ክንፍ የላቸውም? … መውጫውን ቦርቡረው እነሱም እዛው ይቀራሉ። ሴቶቹ ፍሬው ውስጥ ያለውን የአበባ ዱቄት ተሸክመው በዛው ቀዳዳ ይበራሉ። … የሻረግ፣ ስሚ፣ ወንዶቹ በር ከፍተው ይሞታሉ፣ ሴቶቹ ይበራሉ። … «የኔው ባል በሩንም አይከፍት» ትላለች። … አዎ፣ ትስቃለች፣ አጠገቧ ስለሌለ ነው።

— ቆይ ግን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ሾላ በላሁ። ያቺ እናትየዋ ውስጥ አለች ማለት ነው? … ፍሬው ራሱ ያሟሟታል። … ትንሽ እንኳ አትቀርም? … ሐላል ነው? … አታውቂም። ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሯችሁም። … ሸህ ሚስባህን እጠይቃለሁ። ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው ግን፣ «ሸሁ፣ አርባ ዓመት ስበላት የኖርኩት ትንኝ» ብዬ? … መልስ እስካገኝ አልበላም። አንቺም አትብዪ።

— በዓመት ስንቴ እንደምታፈራ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ቆጥሬ አላውቅም። ብቻ ሌላው ሁሉ በደረቀበት ጊዜ እሷ ላይ ፍሬ አይጠፋም። … እ? … ለዚህ ነው? ትንኟ ሁልጊዜ አዲስ ፍሬ ስለምትፈልግ? ወፉም በዛው ይተርፋል። … እና ሾላዋ ያለ ትንኟ ዘር የላትም፣ ትንኟ ያለ ሾላዋ ቤት የላትም። … መመሪያው ላይ ትንኟ አለች? … የለችም? ወፉን ጽፋችሁ፣ ጦጣውን ጽፋችሁ፣ ሥራውን ሁሉ የምትሠራዋን ትታችኋት? … ለአለቃሽ ንገሪያቸው። … አሁን አይደለም፣ እሺ።

— ምን ጮኸ? … የሻረግ፣ ተነሱ? … ናጅዬ፣ ዳቦውን ጨርሰዋል። ማሽኑ ተነሳ። ወደኛ ነው የዞረው።

— ብሄድ ያስሩኛል። … የመንግሥት ቁጥር ነው እኮ ያጠፋሁት። … በምን ታውቂያለሽ አያስሩም? «በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት ማድረስ» ይባላል፣ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። … ለኔ አይደለም የፈራሁት፣ አንቺስ? የመዝጋቢዋ እናት መዝገቡን አጠፋች ቢባል ነገ ምን ብለሽ ቢሮ ትገቢያለሽ? … ስምሽን አላነሳም። ብሞት አላነሳም። … አንሺ ነው የምትይኝ? … ለምን? … እሺ። ከዋሸሁ በምንም አያምኑኝም። እሺ።

— የሻረግ፣ ሻርፔን አቀብዪኝ። አብረሽኝ ነይ። … ገጀራውን አስቀምጪው ግን። ገጀራ ይዘን ሄደን ማን ያናግረናል።

— አትዝጊው፣ ይዤሽ ነው የምሄደው። … ባትሪው አንድ መስመር ቀርቶታል። … አጥሩን አለፍኩ ናጅዬ። … ሰዎቹ ጋ ልደርስ ነው።

— እንደምን አደራችሁ። … ፎርማኑ አንቱ ነዎት? እንደምን አደሩ ጋሼ። … ጋሼ ወልዴ። እኔ ሁሪያ እባላለሁ፣ ቤቴ ያ ቆርቆሮው ነው። … ይቺን ሾላ እንዳይነኩብኝ ብዬ ነው የመጣሁት። … ቁጥር ነበራት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። … በነጭ ጋዝ። … ይሳቁ ጋሼ፣ ብቻ መጀመሪያ ማሽኑን ያስቁሙልኝ። …

— አመሰግናለሁ። … እነዚያም አሥሩ ቁጥር ነበራቸው፣ ያው የፋቅነው ይታያል። … እኛ ነን፣ አዎ፣ ሴቶቹ ነን። … ቀይ ነበራ። … አንቱም ቤትዎ ላይ ቀይ ቢያዩ ይደነግጣሉ። … እነሱን አምነውናል። … ይቺን ግን አያምኑም። … «ዛፉ እንዳይቆረጥበት የፈለገ ሁሉ ነበራት ይለኛል» ነው የሚሉት። … ልክ ነዎት። እኔም በአንቱ ቦታ ብሆን አላምንም።

— ናጅዬ፣ አላመኑኝም። … ዝርዝሩ ላይ ሌላ ምን አለ? … ቁጥር አሥራ አንድ፣ ሾላ። … ዙሪያዋ ስድስት ሜትር ከአርባ። … እዚህ ወንዝ ዳር ይሄን የሚያክል ሌላ ዛፍ የለም። … ጋሼ ወልዴ፣ ዝርዝሩ ላይ ዙሪያዋ ስድስት ሜትር ከአርባ ይላል። ሜትር ይዘዋል አይደል? ይለኩና ይፍረዱ። … ስልኩ ላይ ያለችው? የመዘገበቻት ናት። ልጄ ናት። … አዎ፣ የወለድኳት። … ኧረ አላወቅኩም፣ እኔ ደብዳቤ የምትጽፍ ነበር የመሰለኝ።

— እየለኩ ነው። የሻረግ ጫፉን ይዛለች። … ያኔ ሰኔ ላይ መጥተሽ ሾላዋን ስታቅፊያት ያየሁሽ ለዚህ ነበር? … በሜትር መሆኑን ከሩቅ መች አየሁት። ልጄን አንድ ነገር ነካት ብዬ ዱዓ አስደርጌልሻለሁ። … አሁን አትሳቂ።

— ስንት አሉ ጋሼ? … ሰባት ከሃያ። … ናጅዬ፣ ሰባት ሜትር ከሃያ ሆነ። አበቃ። ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ወይ የመዘገብሽው ሌላ ነው። አውቄዋለሁ እኔ፣ ገና ስልኩ ሲጮህ አውቄዋለሁ። … የት ጋ ለኩ? … ግርጌዋን ነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ሥሯ ከመሬት ወጥቶ በሰፋበት። … ደረት? … የምን ደረት? … ዛፍ የሚለካው በደረት ቁመት ነው። … የማን ደረት? የጋሼ ወልዴ ደረትና የኔ ደረት አንድ ነው እንዴ፣ እሳቸው ቀውላላ ናቸው። … ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ። ይሄን አስቀድመሽ አትነግሪኝም?

— ጋሼ፣ አሁንም ላስቸግርዎት ነው። ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ወደ ላይ ወጥተው ይለኩ ትላለች። … ደንቡ ነው አሉ፣ ሁሉም ዛፍ እንደዛ ነው። … የሻረግ፣ ከፍ አድርጊው። … ከዛኛው ጎን ወርዷል፣ አስተካክዪው። … አዎ። … …

— ስንት? … ስድስት ከአርባ ሁለት። … ናጅዬ፣ ሁለት ሳንቲም ትርፍ አለው። ሁለት ሳንቲም ያበላሸዋል? … ከሰኔ ወዲህ? … ክረምቱን ጠጥታ ነው። … ጋሼ፣ የተመዘገበችው ሰኔ ላይ ነው፣ ክረምቱን ጠጥታ ጨምራ ነው ትላለች። … ይቀበላሉ? … … ናጅዬ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። … ቆይ፣ የትኛውን መነቅነቅ እንደሆነ አላወቅኩም። … ለሾፌሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። … ማሽኑ ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ወደ ኋላ ነው ናጅዬ። … ተቀምጫለሁ። እዚሁ ሥሯ ላይ። …

— ምንድነው የሚጽፉት? … ወረቀት አወጡ። ስሜን እየጠየቁኝ ነው። ይኸው፣ አላልኩሽም? … ሁሪያ ዓሪፍ። … ስልክ ቁጥሬንም? … ናጅዬ፣ ስልክ ቁጥሬንም ጠየቁ፣ ይሄ ለፍርድ ቤት ነው። … ወረቀቱ ላይ ምን የሚል ቦታ? … «ተንከባካቢ»። … ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ሰው ይጻፋል? የሷ ባዶ ነበር? … እና ሰው ሳታማክሩ የኔን ስም? … ንፋስ ቢጥላት እኔ ነኝ የምጠየቀው? መብረቅ ቢመታትስ? … ትንኞቹስ፣ እነሱም በኔ ስም ናቸው? …

— ምን ምን ይጠበቅብኛል? አንብቢልኝ፣ ሳትዘዪ። … ልጧን የሚልጥ። … ሥሯን የሚቆፍር። … ሥሯ አጠገብ እሳት የሚያነድ፣ ናፍጣም ሆነ ዘይት የሚያፈስ። … ማስቆም እችላለሁ? … ማንንም ሰው? … እንደዛ ነው የተጻፈው፣ «ማንንም ሰው»? … እሺ። እሺ ልጄ።

— ጋሼ ወልዴ። … ያ ጀሪካን የማሽኑ ናፍጣ አይደል? ከሥሯ ላይ ያንሱልኝ፣ እያንጠባጠበ ነው። … አሁን ነው፣ አዎ። … አንቱ ራስዎ አይደሉ ስሜን የጻፉት? … ወዲያ። … ከዚያም ወዲያ፣ ድንጋዩ ጋ። … የሻረግ፣ ከምትስቂ የጀሪካኑን አንድ ጎን ያዢላቸው።

— በይ ናጅዬ፣ ልዝጋው። ሥራ ላይ ነኝ።